ጄኮብ ሎውረንስ፦ የስደት ሠዓሊ

እዚህ ሲያትል የሥዕል ቅጂዎችና መመሪያ የያዘ ሣጥን በአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ይዞራል፤ የሚያስተምሩትም በጎ ፈቃደኛ ወላጆች ናቸው። እኔ ሣጥኑ ሲደርሰኝ የማስቀድመው ጄኮብ ሎውረንስን ነው።

ሎውረንስ በ1917 እ.ኤ.አ. ተወለደ። በ13 ዓመቱ ኒውዮርክ፣ ሃርለም ገባ፤ ሥዕልንም ከትምህርት ሰዓት በኋላ በሚሰጥ የልጆች ፕሮግራም ተማረ። በ1941 የጥቁር አሜሪካውያንን ከደቡብ ወደ ሰሜን መፍለስ በ60 ሥዕሎች ተረከ። አንዱን ቀለም በሁሉም ላይ ሳይጨርስ ወደ ሌላው አይሻገርም ነበር። ዛሬ ግማሾቹ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ግማሾቹ ኒውዮርክ ናቸው፤ እንደ እኛ ቤተሰብ ተበታትነዋል።

በ1971 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር ሲያትል መጣ፤ በ2000 እዚሁ አረፈ።

ልጆቻችን የስደታችንን ታሪክ በቃል ስንነግራቸው ይሰለቻሉ። ጣቢያ ላይ የሚጋፋውን የሎውረንስን መንገደኛ ሲያዩ ግን ጠያቂዎቹ እነሱ ናቸው።