የሻማው መምህር፦ ማይክል ፋራዴይ

ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1791 በለንደን አቅራቢያ ከአንድ ድኻ አንጥረኛ ቤት ተወለደ። በልጅነቱ ያገኘው ትምህርት ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከጥቂት ሒሳብ ያለፈ አልነበረም። በ14 ዓመቱ ሙያ እንዲማር ለአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ተሰጠ፤ እርሱ ግን ለጥረዛ የሚመጡትን መጻሕፍት ማንበብ ያዘ። በ1812 የኬሚስቱን የሃምፍሪ ዴቪን ንግግሮች በሮያል ኢንስቲትዩሽን ተከታትሎ፣ የያዘውን ማስታወሻ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በማግሥቱም ዓመት በዚያው ተቋም የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ።

በ1831 ማግኔት በተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ኤሌክትሪክ እንደሚፈስ አረጋገጠ። የኃይል ማመንጫ ጄኔሬተሮች፣ የቆቃዎቹም ጭምር፣ የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው።

ይሁን እንጂ ለእኛ ለባለሙያዎች ከዚህ የማያንስ ትምህርት የሚሰጠን ሌላው ሥራው ነው። ፋራዴይ ከ1827 እስከ 1860 ባሉት ዓመታት በገና ሰሞን ለወጣቶች 19 ጊዜ ተከታታይ ትምህርት ሰጥቷል። ከሁሉ የታወቀውና በ1861 በመጽሐፍ የወጣው፣ ሻማ ሲነድ ምን እንደሚሆን ያስረዳበት ነው።

ሻማ ሲለኮስ ሰሙ ይቀልጣል። ሽቅብ የሚወጣው አየር የሻማውን ጠርዝ ስለሚያቀዘቅዘው፣ ፈሳሹ ሰም በመካከል እንደ ጽዋ በሆነ ጉድጓድ ይጠራቀማል። ከዚያም በክሩ ተስቦ ወደ ላይ ይወጣና ይተናል፤ የሚነደውም ይኸው ትነት ነው። ለዚህ ማስረጃው ቀላል ነው፦ ሻማው እፍ ተብሎ እንደ ጠፋ ከክሩ በሚወጣው ጢስ ላይ ክብሪት ቢያስጠጉ፣ እሳቱ በጢሱ በኩል ወርዶ ክሩን መልሶ ያቀጣጥለዋል። ቢጫውን ብርሃን የሚሰጠው በነበልባሉ ውስጥ የጋለ የካርቦን ብናኝ ነው። ሻማው ነድዶ ያለቀ ቢመስልም አልጠፋም፤ ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኗል። የበላነውም ምግብ በሰውነታችን ውስጥ ወደነዚሁ ስለሚለወጥ፣ ትንፋሻችንና ሻማው ዘመዳሞች ናቸው።

ይህ አገላለጥ ሳይንስን ለሕፃናት ሲባል ዝቅ ማድረግ አይደለም። ፋራዴይ ከፍተኛ ሒሳብ አያውቅም ነበርና፣ በማግኔት ዙሪያ ያለውን ኃይል በመስመሮች መልክ እያሰበ ይመረምር ነበር፤ ሐሳቡን በሒሳብ ቀመር ያስቀመጠው በኋላ የተነሣው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው። እንግዲህ ለወጣቶቹ የተናገረበት ግልጽነትና ሕግጋትን ያገኘበት ግልጽነት ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ነበሩ።

የሮያል ሶሳይቲን ፕሬዚዳንትነት ቢያቀርቡለት አልቀበልም ያለው ይህ ሰው በ1867 አረፈ። በሙያ ቃላት ተከልሎ የቀላል ጥያቄን መልስ መሸሽ ለማናችንም ቅርብ ፈተና ነው። ልጅ ስለ ሻማ፣ ደንበኛም ስለ ሥራችን ሲጠይቀን፣ መልሱ ከጠፋን ነገሩን ገና አልተረዳነውም ማለት ነውና፣ ወደ ሥራ ጠረጴዛችን ተመልሰን እንደ ገና ልንመረምረው ይገባናል።