እናታችን ወለተ ጴጥሮስ እና የጦርነት ዋጋ



የቡሬና የፍኖተ ሰላም ቡድኖቻችን በተገናኙበት ቀን፣ የቁጠባው ሒሳብ ከተነበበ በኋላ፣ አንዲት እናት ከባድ ጥያቄ አነሡ። የእኚህ እናት ታላቁ ልጅ የመንግሥት ወታደር ነው፤ ታናሹ ጫካ ገብቷል። ሁለቱም የምንዋጋው ለእውነት ነው ብለው ያምናሉ። እናትየው የጠየቁን ጦርነት ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ ወይ ብለው ነው። ከመካከላችን አንዳንዶቹ አያቶቻችን ጣልያንን ባይዋጉ ኖሮ ዛሬ አገር አይኖረንም ነበር አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ጦርነት ምንም ስም ቢወጣለት የሚቀበረው ያው የእናት ልጅ ነው አሉ። ቡናው በረካ ደርሶ ፍሙ እስኪጠፋ ድረስ አልተስማማንም።

ለዚህ ነው በዚህ እትም ከ400 ዓመት በፊት ይኸው ጥያቄ በቤቷ የገባባትን ሴት ሕይወት ለመጻፍ የመረጥነው። ከአባሎቻችን መካከል ክርስቲያንም ሙስሊምም አለን፤ የምንጽፈው ስለ ሃይማኖት ልንከራከር አይደለም። ሴቲቱ በጦርነት መካከል ያደረገችውን አይተን እንድንማርበት ነው።

ወለተ ጴጥሮስ በ1584 ዓ.ም. ገደማ ከመኳንንት ቤተ ሰብ ተወለደች። አባቷ ባሕር ሰገድ ይባሉ ነበር። በጊዜው ወግ መሠረት ገና በልጅነቷ ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ባሏ የዐፄ ሱስንዮስ አማካሪና የጦር አለቃ ነበር። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ይህን ሐዘን ከእኛ መካከል የምታውቀው ብዙ ናት።

በዚያን ጊዜ ዐፄ ሱስንዮስ ከፖርቱጋልና ከስፔን ከመጡት የኢየሱሳውያን ካህናት ጋር ተወዳጅተው ነበር። ከካህናቱ አንዱ ፔድሮ ፓኤዝ በ1610 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር እስከ ሰከላ መጥቶ ግሽ ዓባይን አይቷል። ንጉሡ ከአውሮፓ የጦር ድጋፍ ለማግኘት፣ ሥልጣናቸውንም ለማጠናከር ተስፋ ያደርጉ ነበር። ቀስ በቀስ የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ፤ በ1614 ዓ.ም. በይፋ አወጁት። ከዚያ አስቀድሞም ቅዳሜን እንደ ሰንበት ማክበርን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ይህን ተቃውሞ ከተነሣው ሕዝብ አንዱ የዳሞት ገበሬ ነው። ስሙ ዛሬም በደጋ ዳሞት ወረዳችን ይጠራል። የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ጦር ይዞ መጥቶ አመፁን ሰበረው። ስለዚህ ይህ ታሪክ ከአገራችን የራቀ አይደለም።

ወለተ ጴጥሮስ የባሏን ጌታ እምነት አልተቀበለችም። ባሏ ለዘመቻ በወጣበት ጊዜ በመነኮሳት እርዳታ ከቤቷ ወጥታ ወደ ጣና ገዳማት ሸሸች። ባሏ ይህን ሲሰማ ሠራዊት ይዞ ፍለጋ ገባ። ገድሏ እንደሚተርከው፣ ተደብቃለች የተባለችበትን ከተማ አጠፋ። የከተማው ሰው ግን ከጦርም ከክርክርም አልነበረበትም።

እኛ ከሕይወቷ ሁሉ ቆም ብለን ያየነው ይህን ቦታ ነው። ወለተ ጴጥሮስ በእምነቷ አልተጠራጠረችም፤ መሸሿም ስሕተት መስሎ አልታያትም። ነገር ግን ለእርሷ እውነት የሚከፍለው ሌላ ሰው ሆነ። ያለ ኃጢአቱ ሕዝብ እንዳያልቅ ብላ ከተደበቀችበት ወጣች፤ ከባሏም ጋር ተመለሰች። ዓላማዋን አልተወችም፤ ዋጋውን ግን ሌላ እንዲከፍልላት አልፈቀደችም።

በ1609 ዓ.ም. የንጉሡ አማች ዮልዮስ ሃይማኖታችን ተነካ ብሎ ዐመፀ። ጳጳሱ አቡነ ስምዖንም ከእርሱ ጋር ቆሙ። በጦርነቱ ሁለቱም ተገደሉ። ወለተ ጴጥሮስ ባሏ በጳጳሱ ሞት እጁ እንዳለበት ባወቀች ጊዜ በአንድ ቤት መኖር አልቻለችም። ለሁለተኛ ጊዜ ወጣች፤ አሁን ግን አልተመለሰችም። ዕድሜዋ 25 ዓመት ገደማ ነበር። መንኩሳ፣ እኅተ ክርስቶስ ከተባለች ሌላ መነኩሲት ጋር አብራ መኖር ጀመረች። ሁለቱ እስከ ሞት አልተለያዩም።

ጦር አላነሣችም፤ ዝምም አላለችም። ከቦታ ቦታ እየዞረች ሕዝቡ አዲሱን እምነት እንዳይቀበል፣ ካህናቱም የንጉሡን ስም በቅዳሴ እንዳይጠሩ አስተማረች። ለዚህም ተይዛ በንጉሡ ችሎት ቆመች። ሞት እንዳይፈረድባት ዘመዶቿ አማለዱ። ከሮም የተላከው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሊያሳምናት ደክሞ አልሆነለትም። በመጨረሻ በምዕራብ ጠረፍ ወዳለው የዠበይ በረሃ ተግዛ ሦስት ዓመት ቆየች። ሊጠይቋት፣ ሊያገለግሏት የመጡ ሰዎች እዚያው ተሰበሰቡና የመጀመሪያው ማኅበሯ በግዞት ቦታ ተመሠረተ። እስክትሞት ድረስ ሰባት ማኅበራት አቋቁማለች፤ ዘጌና ምጽሌ ከእነዚህ ናቸው። ለስላሳ ሴት አልነበረችም፤ በማኅበሯ ሥርዓት ላይ ጥብቅ ነበረች።

ታዲያ ሰላሙ እንዴት መጣ? በ1624 ዓ.ም. የላስታ ገበሬዎች ዐምፀው እስከ ወይና ደጋ ድረስ መጡ። ዐፄ ሱስንዮስ ጦርነቱን ድል አደረጉ። በአንድ ቀን 8,000 ያህል ሰው እንደሞተ ተጽፏል። በማግሥቱ ልጃቸው ፋሲልና መኳንንቱ ንጉሡን በሬሳው መካከል ይዘው ሄዱ። የወደቁት እስላምም አረማዊም ሳይሆኑ የራሳቸው ሕዝብ፣ የገዛ ወገናቸው መሆናቸውን አሳዩአቸው፤ በእንዲህ ያለ ድል ደስ የሚለው እንደሌለም ነገሩአቸው። ንጉሡ ብዙ ሳይቆዩ ሁሉም ወደ አባቶቹ ሃይማኖት ይመለስ ብለው አወጁ፤ ዙፋኑንም ለፋሲል ተዉ። በጥቂት ወራት ውስጥም ዐረፉ።

ይህን ልብ እንበል። ያ አዋጅ የወጣው አሸናፊው ከተሸነፈ በኋላ አይደለም። ያሸነፈው ሰው የጠላቱን ሬሳ እንደ ራሱ ልጅ ሬሳ ሲያይ ነው የወጣው። ደግሞም ተኩስ አቁሙ ብሎ ብቻ አላበቃም፤ ሕዝቡ የተነሣበትን ምክንያት ራሱን አነሣለት። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ቀን አልተስተካከለም። የላስታ ዐመፅ በዐፄ ፋሲል ዘመንም ቀጠለ። ትናንት ያሳድዱ የነበሩት ካቶሊካውያንም በተራቸው ተሰደዱ፤ ሥዕለ ክርስቶስም ተጋዘ። ቂም ካልተፈታ የሰላም አዋጅ ብቻውን አይበቃም።

ወለተ ጴጥሮስ የተረፋትን አሥር ዓመት ያሳለፈችው ማኅበሮቿን ስታስተዳድር ነው። ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. በ50 ዓመቷ ዐረፈች። እኅተ ክርስቶስ በቦታዋ ተተካች። ከ30 ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድሏን ጻፈ። በጣና ዳር ባለችው ቆራጣም በስሟ ገዳም ቆመ።

ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። ጦርነት ሁሉ ኃጢአት ነው ለማለት አንደፍርም፤ ቤቱን የሚከላከል ሰው አለና። ግን ከዚህች ሴት ሕይወት አንድ መመዘኛ አግኝተናል። የምታገልለት እውነት ነው የሚል ሁሉ ዋጋውን ማን እየከፈለ እንደሆነ ይጠይቅ። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ የሚወስደው መንገድ ስንት ጊዜ ተዘጋ? ስንት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀረ? ስንት ነፍሰ ጡር ሐኪም ቤት ሳትደርስ መንገድ ላይ ቀረች? ይህን የሚከፍሉት ያልመረጡት ሰዎች ከሆኑ፣ ምክንያቱ እውነት ቢሆን እንኳ ከተደበቁበት ወጥቶ የሚነጋገር ሰው ያስፈልጋል፤ ከሁለቱም ወገን።

እኛ ጦር ማስቆም አንችልም። የምንችለውን ግን ወስነናል። ከአባሎቻችን ማንንም ልጅሽ ከየትኛው ወገን ነው ብለን አንጠይቅም። የሐዘን መዋጮው ለወታደሩም እናት፣ ጫካ ለገባውም እናት እኩል ይወጣል። ሁለቱን ልጆች የወለዱት እናታችን በዚያ ቀን መልስ አላገኙም፤ ለሁለቱም እንዲጸልዩ ነግረናቸው፣ አብረን ጸልየን ተለያየን። የምንኖርባት ከተማ ስሟ የሰላም መንገድ ማለት ነው። መንገዱ የሚጀምረው ከየደጃችን እንደሆነ እያሰብን፣ ጥያቄውን በየቡድናችሁ ተወያዩበት፤ የደረሳችሁበትንም ጻፉልን።