የማይክሮዌቩ ሰውዬ

እዚህ ኮሎምበስ ኦሃዮ ከማታ ሥራ ገብቼ ሽሮዬን ማይክሮዌቭ ውስጥ ስከት፣ አገር ቤት ካለችው እናቴ ጋር በኢንተርኔት የጀመርኩት ወሬ ይቆራረጣል። ሽሮው ሲሞቅ ድምጿ ይመለሳል። ለካስ ማይክሮዌቩም ዋይፋዩም የሚሠሩት 2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ባለው ሞገድ ነው፤ ከምድጃው የምታመልጠው ጥቂት ሞገድ ለጤና ባታሰጋም ዋይፋይ ለመረበሽ ትበቃለች።

የምድጃው ፈጣሪ ፐርሲ ስፔንሰር በ1894 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ሜይን በተባለችው የአሜሪካ ግዛት ተወለደ። ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተ፤ እናቱም ትታው ሄደች፤ አክስቱ አሳደገችው። በ12 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ፋብሪካ ገባ። በኋላ ባሕር ኃይል ተቀጥሮ ሌሊት ዘብ እየቆመ የሬዲዮን ሙያ ከመጻሕፍት ተማረ። ሌሊት እየሠራችሁ ኮሌጅ የምትማሩ ይህን ሰው ሳታውቁት ታውቁታላችሁ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሬይቲየን በተባለው ኩባንያ ማግኔትሮን የሚባለውን የራዳር ዕቃ ያስመርት ነበር። በ1945 አጠገቡ ቆሞ ሳለ ኪሱ ውስጥ የነበረው ከረሜላ ቀለጠ። ሌላው ቢሆን ልብሱን አጥቦ ዝም ይል ነበር። እሱ ግን በቆሎ አምጥቶ ፈንዲሻ አፈነዳበት! በ1947 የወጣው ምድጃ 340 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው በ1967 መጣ፤ ስፔንሰርም በ1970 ዐረፈ። ለፈጠራው ከኩባንያው ያገኘው 2 ዶላር ብቻ ነው ይባላል።

ዋይፋይን አላየም። የአሜሪካ መንግሥት ያንን ሞገድ ያለ ፈቃድ ለመገናኛ የለቀቀው በ1985 ነው፤ ምድጃው ቀድሞ የሰፈረበት መንደር ነበርና እንግዳው ዋይፋይ ነው። እኔም ራውተሩን ከኩሽና አርቄ ስልኬን ወደ 5 ጊጋኸርትዝ ቀየርኩት።