ዳግማዊ ምኒልክና የአንዲት ቃል ጉዳይ

ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን አጠገብ በምትገኘው በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲያርፉ ዓፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ወሰዷቸው። በ1857 ዓ.ም. ከዚያ አምልጠው የአባቶቻቸውን የሸዋን ዙፋን ያዙ።

በ1869 ዓ.ም. በማርኪዝ አንቲኖሪ የሚመራ የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ጓድ ሸዋ ሲገባ፣ ንጉሡ በአንኮበር አጠገብ ያለችውን ሌት ማረፊያን ሰጡት። ኋላም ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ወደ ሸዋ መጥቶ የንጉሡ ባለሟል ሆነ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በወሎ ውስጥ የተፈረመው የውጫሌ ውል የዚህ ወዳጅነት ፍሬ ነበር።

ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጻፈ፤ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም አንድ እንደ ሆኑና እኩል እንደሚጸኑም በውሉ ውስጥ ታተተ። ነገር ግን በ17ኛው አንቀጽ ላይ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከውጭ መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት መላላክ ቢፈልጉ በኢጣልያ አጋዥነት መጠቀም እንደሚችሉ ሲፈቅድላቸው፣ ኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገባቸው። ሮማም በ1882 ዓ.ም. መባቻ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር መሆኗን ለኃያላን መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ ልዩነቱን በግልጽ የተረዱት ለአውሮፓ ነገሥታት የላኩት ደብዳቤ በኢጣልያ በኩል ይለፍ የሚል መልስ ባስከተለ ጊዜ ነው።

በ1883 ዓ.ም. አንቶኔሊ ነገሩን ለማስታረቅ ተመልሶ መጣ። ያን ጊዜም የፈረመው የአማርኛ ጽሑፍ እርሱ ካሰበው የተለየ ሆኖ ስላገኘው ተቆጥቶ አገሩ ገባ። ስለዚህ አንዱ ስሕተት ሳይታረም ሌላው ተደረበበት። ምኒልክ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ ክርክሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ በብዙ ሺህ ሰው ደም ተፈታ። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል የውጫሌን ውል ሽሮ የኢትዮጵያን ነፃነት አረጋገጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ።

ከዐድዋ ሰማንያ አንድ ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በመሮጫው ሜዳ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። አንደኛው አብራሪ ለበረራው መንገድ የተሰጠውን መመሪያ ለመነሣት የተሰጠ ፈቃድ አድርጎ ወሰደው፤ የተቆጣጣሪውም ማሳሰቢያ በሬዲዮ መደራረብ ታፈነ። ከዚያ ወዲህ ለመነሻ የሚነገረው ቃል ለእውነተኛው ፈቃድ ብቻ ተለይቶ ተቀመጠ፤ የተቀበሉትን ትእዛዝ ደግሞ ማሰማትም የሙያው ጥብቅ ግዴታ ሆነ።

በውጫሌ የጎደለው ይኸው ነበር። ሁለቱ ወገኖች መስማማታቸውን በፊርማ አረጋገጡ እንጂ፣ አንዱ የተረዳውን ለሌላው መልሶ አላሰማም። በሬዲዮ ለሚነጋገሩ የዛሬ ባለሙያዎች የንጉሠ ነገሥቱ ሕይወት የሚያስተምረው፣ መልእክት ተደረሰ የሚባለው በላኪው ሐሳብና በተቀባዩ ልቡና አንድ ሲሆን ብቻ መሆኑን ነው።