ኤድጋር ኮድ፤ ያልታወቀውን ያልታወቀ ያለ ሊቅ

ኤድጋር ፍራንክ ኮድ በ1923 (እ.ኤ.አ.) በደቡብ እንግሊዝ በፖርትላንድ ደሴት ተወለደ። በኦክስፎርድ ሒሳብና ኬሚስትሪ ተማረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በእንግሊዝ አየር ኃይል በአብራሪነት አገለገለ። በ1948 ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ተቀጠረ። የሴናተር ማካርቲን የፖለቲካ ማሳደድ በመቃወም በ1953 ወደ ካናዳ ሄደ፤ ኋላም ተመልሶ በ1965 ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበለ።

ስሙን ያስጠራው በ1970 ያሳተመው ጥናት ነው። በዚያን ዘመን አንድን መረጃ ለማግኘት በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጠበትን መንገድ ማወቅ ግድ ነበር። ኮድ ግን መረጃ ሁሉ በሠንጠረዥ እንዲሰፍር፣ እያንዳንዱ ረድፍ በራሱ ቁልፍ እንዲለይ፣ አንድ ረድፍም ሁለት ጊዜ እንዳይገኝ ደነገገ።

ይሁን እንጂ የሰው መዝገብ ጉድለት አያጣውም። ዕድሜው ላልታወቀ ሠራተኛ መዝጋቢው 0 ወይም 99 ቢሞላ፣ ያ ቁጥር ውሎ አድሮ እንደ እውነተኛ ዕድሜ ተደምሮ አማካዩን ያዛባል። ስለዚህ ኮድ በ1979 ባወጣው ጥናት፣ የጎደለው ዋጋ በራሱ ምልክት እንዲታወቅ፣ ከእርሱ ጋር የሚደረግ ንጽጽርም እውነት ወይም ሐሰት ሳይሆን ያልታወቀ እንዲባል አስተማረ። ለዋናው ቁልፍ ግን ይህን ፈቃድ ነፈገ፤ መለያው የጎደለ ነገር ከሌላው ሊለይ አይችልምና።

ችግሩ በተግባር ጎልቶ ታየ። የሁለት ሠራተኞች ስልክ ቁጥር ካልተመዘገበ፣ ሁለቱ ባዶዎች እንደ አንድ ዋጋ ይቆጠራሉን? ድግግሞሽ በተከለከለበት ዓምድ ብዙዎቹ የኤስ.ኪው.ኤል. ሥርዓቶች ባዶዎችን ያለ ገደብ ይቀበላሉ፤ አንዳንዶቹ ከአንድ በላይ አይፈቅዱም። ስልክ የሌለውና ስልኩ ያልታወቀውም በአንድ ምልክት ተጠቃለሉ። ኮድ በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለቱን በሁለት ምልክት ለየ። የሥራ ባልደረባው ክሪስ ዴት ግን ምልክቱ ጨርሶ እንዲቀር ተከራከረ፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ኮድ በ1981 የቱሪንግን ሽልማት ተቀብሎ፣ በ2003 በፍሎሪዳ አረፈ። ሠንጠረዥ ለሚነድፍ ባለሙያ ሁሉ ግን ስለ እያንዳንዱ ዓምድ አስቀድሞ ሊመልሳቸው የሚገቡ ሁለት ጥያቄዎችን ትቶ አልፏል፤ ይህ ዋጋ ሊጎድል ይችላልን? ሊደገምስ ይችላልን?