የሌት ማረፊያው ማርኪዝ

በጅማ መንገድ ሰበታን አልፎ በጥቅምት ወር ተፍኪ የደረሰ መንገደኛ፣ ክረምቱ የተወው ውሃ በሜዳው ላይ ተኝቶ ያያል። ውሃው እየሸሸ ሲሄድ ገበሬው በእግር በእግሩ እየተከተለ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። በዚሁ ወራት ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ወፎች መጥተው ይሰፍሩበታል። አንዳንድ ቀንም መነጽር የያዙ ሰዎች ከመንገዱ ዳር፣ ከአንድ ስፍራ ሳይነቃነቁ በኅብረት ቆመው ይታያሉ። አንዱ ምሥራቁን፣ አንዱ ምዕራቡን ይጠብቃል፤ ሌላው የተቈጠረውን ይጽፋል። መንገደኛው ሥራ ፈቶች ናቸው ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። ነገር ግን የሸዋን ወፎች በስም በስማቸው ለይተው ለማወቅ የደከሙ አንድ ሽማግሌ በዚሁ አገር አፈር መቅረታቸውን ቢሰማ፣ ምናልባት ቆም ብሎ ይመለከት ይሆናል። እኒህም ሰው ማርኪዝ ኦራዝዮ አንቲኖሪ ናቸው።

አንቲኖሪ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በዚሁ ነው) በ1811 በኢጣልያ በፔሩጂያ ከተማ ከመኳንንት ወገን ተወለዱ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ወፍ ማደን፣ ቆዳውን ገፎ ማድረቅና በየወገኑ መለየት ይወዱ ነበር። በ1849 የሮማ ሪፑብሊክ ሸንጎ አባል ሆኑ፤ ሪፑብሊኩ በፈረንሳይ ጦር በወደቀ ጊዜ ግን አገራቸውን ለቀው ተሰደዱ። በግሪክ፣ በቱርክ አገርና በግብፅ ተዘዋወሩ፤ እስከ ነጭ ዓባይ ላይኛው አገርም ዘልቀው ብዙ ወፍ ሰበሰቡ። በ1867 የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ።

ማኅበሩ ወደ ምድር ወገብ ሐይቆች የሚደርስ ጉዞ ባሰበ ጊዜ፣ መሪነቱን የሰጠው ለእኒሁ ለ64 ዓመት ሽማግሌ ነው። በ1876 ከዘይላ ተነሥተው በረሃውን አቋርጠው ሸዋ ገቡ። ልብ ብለን ያየነው እንደሆነ፣ ይህ አቅጣጫ የወፎችም አቅጣጫ ነው። ንስርን ያለ ብዙ ድካም ወደ ላይ የሚያነሣው ከሞቀ ምድር የሚወጣው አየር ነው፤ ይህንንም በሰፊ ባሕር ላይ አያገኝም። ስለዚህ ከዐረብ አገር የሚመጣው የአዳኝ ወፍ ሠራዊት ባሕሩ በጠበበበት በባብ ኤል መንደብ ይሻገራል። በ1987 በመስከረምና በጥቅምት፣ ተመልካቾች በጅቡቲ ዳርቻ ቆመው ከ240 ሺህ በላይ ቈጥረዋል።

ንጉሥ ምኒልክ እንግዳውን በደኅና ተቀብለው ከአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የተባለውን ስፍራ ሰጧቸው። ብዙም ሳይቈይ በአደን ላይ በደረሰ የጠመንጃ አደጋ ቀኝ እጃቸው ክፉኛ ቈሰለ። የሐይቆቹም ጉዞ ለወጣቶቹ ቀረ፤ ከእነርሱ አንዱ ኪያሪኒ በ1879 በጌራ አገር ሞተ። አንቲኖሪ ግን ሌት ማረፊያን ሰፈራቸው አድርገው ተቀመጡ። በዚያ ዘመን ወፍን ማወቅ ማለት መግደል ነበርና፣ የተገደለው ሁሉ እየደረቀ ወደ ጄኖቫ ሙዚየም ይላክ ነበር። ሊቁ ሳልቫዶሪ ይህን መርምሮ በ1884 ስለ ሸዋ ወፎች ሰፊ መጽሐፍ አወጣ፤ አንዲቱንም ጥቁር ጨረባ በአንቲኖሪ ስም ሰየማት።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን ለወፍ ጥናት የተከፈተው በር ለሌላም ጉዳይ ሆነ። ቆንት አንቶኔሊ በ1879 ወደ ሸዋ መጥቶ ከዚያው ሰፈር ገባ። በ1889 የውጫሌን ውል የተዋዋለው ይኸው ሰው ነው፤ 17ኛው አንቀጽ ያመጣው መዘዝም በ1896፣ በእኛ 1888 ዓ.ም.፣ አድዋ ላይ በደም ተቈረጠ። ሽማግሌው የዚህን ፍጻሜ አላዩም። ነገር ግን የላካቸው ማኅበር ከወፍ ሌላ ብዙ ነገር ይፈልግ እንደ ነበረ፣ በዕድሜ የበሰለ ሰው ጨርሶ አላወቀም ማለት ያዳግታል። ድካማቸውን ስናመሰግን ይህንንም መርሳት የለብንም።

አንቲኖሪ ኦገስት 26 ቀን 1882 በሌት ማረፊያ ሞቱ፤ ከዚያው ተቀበሩ። ጊዜው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የሰሜን ወፎች መምጣት በሚጀምሩበት ወራት ነበር። የሚያስደንቀው ግን፣ ከዚያው ከአንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ማንም ሊቅ ያልመዘገባት ትንሽ ወፍ መኖሯ ነው። አንቲኖሪ ሸዋ ከገቡ ልክ መቶ ዓመት ሲሆን፣ በ1976፣ ጆን አሽ የተባለ እንግሊዛዊ አገኛት፤ በ1979 በአንኮበር ስም ለዓለም አስታወቃት።

አንባቢ ሆይ፤ ስድስት ዓመት የተቀመጡበት ገደል እንኳ ምስጢሩን እንዲህ ሸሽጎ ከኖረ፣ በአንድ ቀን ታይቶ የሚያልቅ ሜዳ የለም። በተፍኪ የቆሙት ሰዎች ጠመንጃ አልያዙም፤ የሚወስዱትም ቍጥር ብቻ ነው። ቍጥሩ ግን በየዓመቱ ከዚያው ስፍራ፣ በዚያው ወር ከተጻፈ፣ የመጣውንና የቀረውን ይናገራል። የአንቲኖሪ ወፎች በጄኖቫ ቀሩ፤ ይህ መዝገብ ግን በእኛ እጅ ተጽፎ በእኛ አገር ሊቀመጥ ይችላል።