አልብሬኽት ኮሰልና የዝይ ደም

በዘንድሮው መጽሔታችን የአንድ ሊቅ የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ዕድል ስለ ደረሰኝ፥ የመረጥሁት ጀርመናዊውን አልብሬኽት ኮሰልን ነው። ምክንያቱን በመጨረሻ እገልጣለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኮሰል በ1853 በሮስቶክ ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው ልባቸው ያዘነበለው ወደ ዕፀዋት ጥናት ነበር፤ ሆኖም ሕክምና ተማሩ። በስትራስቡርግም ከሊቁ ከሆፐ ዛይለር ዘንድ የሕዋስን ኬሚስትሪ ቀሰሙ።

በሰው ደም ሥር የሚዘዋወረው ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክለስ የለውም፤ የአዕዋፍ ግን አለው። ስለዚህ ኮሰል በበርሊን ሲሠሩ የዝይን ደም መርጠው፥ በ1884 ከኒውክለሱ አንድ ፕሮቲን ለዩና ሂስቶን ብለው ሰየሙት። ቀጥሎም ከረዳቶቻቸው ጋር አዴኒንን፥ ታይሚንንና ሳይቶሲንን አገኙ፤ እነዚህም የዲ.ኤን.ኤ. ጽሕፈት ከሚጻፍባቸው አራት ፊደላት ሦስቱ ናቸው። በ1910 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1927 በሃይደልበርግ ዐረፉ።

የሂስቶን ሥራ ግን በዘመናቸው አልታወቀም። በ1974 ሮጀር ኮርንበርግ እንዳስረዱት፥ ዲ.ኤን.ኤ. በሂስቶኖች ላይ ይጠመጠማል። በአንድ ሕዋሳችን ያለው ዲ.ኤን.ኤ. ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህ ክር ስምንት ሂስቶኖች ተሰብስበው በሠሩት እንክብል ላይ ሁለት ዙር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ይዞራል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው እንክብል ያልፋል። በቀየት እናቶቻችን ለባና የሚሆነውን የበግ ጠጉር ፈትለው በእንዝርት ሲጠመጥሙ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ይሁን እንጂ ጥምጥሙ ቦታ ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። ጠብቆ የተጠመጠመው ክፍል አይነበብም፤ የላላው ይነበባል። የተወሰነ ቦታ ለይተው ከዲ.ኤን.ኤ. ጋር የሚጣበቁ ሌሎች ፕሮቲኖችም የትኛው እንዲላላ፥ የትኛው እንዲጠብቅ ያደርጋሉ። የጉበትና የዓይን ሕዋሳት አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይዘው ሳለ የተለያየ ገጽ የሚያነቡት በዚህ ነው።

እኔም ጥቅሙ ቶሎ ስላልታየኝ የባዮሎጂን ትምህርት ችላ ብየ ነበር። ነገር ግን ከዝይ ደም የወጣው ያ ፕሮቲን ሥራው እስኪገለጥ 90 ዓመት መጠበቁን ሳውቅ በችኮላየ አፈርሁ፤ ደብተሬንም እንደገና ገለጥሁ። ጓደኞቼ ሆይ፤ እናንተም ዛሬ ትርጉሙ ያልገባችሁን ትምህርት አትጣሉት።